ቁልፉን የያዘው እምነት

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አባቴ ከአምበር ደብረ ማርቆስ እኔ ቤት መጡና ገና ጋቢያቸውን ሳያወልቁ ሰዓት ያሰሩበትን ግራ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«ይች ቁልፍ አልጫን አለችኝ፤ እስቲ እዪልኝ» አሉ።

ክው አልሁ። ሰዓቱን የገዛሁላቸው ለጌጥ አይደለም። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ልባቸው ደግሞ እንደ በፊቱ አይደለም፣ አንድ ጊዜ ራሳቸውን ስተው ወድቀዋል። ሰዓቱ ሲም ካርድ አለው፤ ክፉ ነገር ሲገጥማቸው የጎን ቁልፉን ጫን አድርገው ከያዙት እኔ ዘንድ ይደውላል። «ለደቂቃም ቢሆን ከእጅዎ እንዳይወልቅ፤ ያለ ችግርም ቁልፉን እንዳይነኩት» ብዬ ቃል አስገብቻቸዋለሁ።

ሰፈራችን ያለው ሞባይል ጠጋኝ ገልበጥ አድርጎ አየውና «ከፍቼው ቢበላሽ በእኔ እንዳታመካኚ» አለኝ። እንዲህ ለሚል ሰው የአባቴን ነፍስ አልሰጥም ብዬ ተናድጄ ተመለስሁ። ራሴ ልከፍተው ነው። ቤት ስደርስ ግን ንዴቱ በረደና ፍርሃቱ ብቻ ቀረኝ።

ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አነጠፍሁ። ከጀርባው ያሉትን አራት ጥቃቅን ብሎኖች መነጽሬን በማጠብቅበት ትንሽ ካቻቢቴ ፈታሁ። ክዳኑን ሳነሳው ከወረቀት የሳሳ ጠፍጣፋ ሽቦ አብሮ ተሳበ። እሱ ከተበጠሰ አለቀ። ክርኔን ጠረጴዛው ላይ አስደገፍሁ። አባቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ያዩኛል።

ቁልፉን የያዘችውን ትንሽ ቀለበት ገና በመርፌ ስነካት ተፈናጥራ ጠፋች። በጉልበቴ ተንበርክኬ ወለሉን እየዳበስሁ አለቀስሁ። ትልቅ ሰው ነኝ፣ አስተማሪ ነኝ፤ ግን አለቀስሁ።

«ይችን ነው የምትፈልጊ?» ብለው ከጋቢያቸው እጥፋት ላይ አነሱልኝ።

ቁልፉ ሲወጣ ዙሪያው በደረቀ ግራጫ ነገር ተለስኗል።

«አባ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«እምነት ነዋ።»

እሑድ ከጠበል ያመጡትን የተባረከ አመድ በውሃ ለውሰው የሚቆረጥማቸውን የእጅ አንጓ ቀብተውታል፤ ሰዓቱም ላይ ጭምር።

«ሰዓቱን ሳያወልቁ?»

«እንዳይወልቅ ያልሽ አንች አይደለሽ?» አሉ። በወጣትነታቸው ደብረ ወርቅ ቅኔ ተምረዋልና ቀልዱ አላመለጣቸውም፤ «እንግዲህ እምነቴ ጠንክሮ ነው» ብለው ፈገግ አሉ። ሳልወድ ሳቅሁ።

አልኮል በነካ ጥጥ ጠርጌ፣ ሽቦውን እየፈራሁ ወደ ቦታው መልሼ ገጠምሁት። እጃቸው ላይ አሰርሁላቸውና ቁልፉን ተጭነው ያዙት። ስልኬ ጮኸ። እፎይ ልል ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

«አባ፣ አልጫን ማለቱን በምን አወቁ?»

ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አንስተው ወደ ሰዓቱ መለሱ።

«ማክሰኞ በረት ውስጥ ወድቄ ነበር» አሉ። «ጎረቤቴ ከብቶቼን ይዞ እስኪገባ ድረስ ስጫነው ዋልሁ።»