እትዬ ቁርጠት

ሥራዋ መታመም ነው። ጠዋት ጤነኛ ሆና ከቤት ትወጣለች፣ ሕክምና ትምህርት ቤት ደርሳ ትታመማለች፣ ሲመሽ ድና ትመለሳለች። ልጇ በር ስትከፍትላት «እማዬ፣ ዛሬ ደግሞ ምንሽን ሲያምሽ ዋለ?» እያለች ትስቅባታለች። እሷም ጫማዋን እያወለቀች «ልቤን ነበር፣ ለጥቂት ተረፍኩ» ትላለች።

ድሮ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ቁልፍ ትተክል ነበር። ዐይኗ ክር ከመርፌ ማገናኘት ሲያቅተው ቤት ተቀመጠች። ሕክምና ትምህርት ቤቱ ውስጥ ጽዳት የምትሠራ ጎረቤቷ «ተኝተሽ የሚከፈልሽ ሥራ አለ፣ ትመጫለሽ?» ስትላት «ምን ዓይነት ሴት መሰልኩሽ!» ብላ በሩን ልትዘጋባት ምንም አልቀራት። በኋላ ሲገባት ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተማሪዎች እውነተኛ በሽተኛ ላይ ከመድረሳቸው በፊት በሽተኛ መስሎ በሚተኛ ሰው ላይ ይለማመዳሉ፣ ይፈተናሉም። እሷ የበሽታውን ታሪክ ትሸመድዳለች፤ መቼ እንደጀመራት፣ የት እንደሚወጋት፣ የቱ ጋ ሲጫኗት እንደምትጮህ። የተካነችው ትርፍ አንጀት ላይ ነው። የቀኝ ሆዷን ታች ሲነኳት የምታሰማው «ዋይ!» የለመዱ ፈታኞችን ሳይቀር ከወንበራቸው ያስነሳል። «እትዬ ቁርጠት» ብለው ስም ያወጡላት ተማሪዎቹ ናቸው፤ እሷም ስሙን አልጠላችውም።

ተማሪዎቹ ያሳዝኗታል። ይኼን ሁሉ ዓመት መጽሐፍ ላይ ተደፍተው መጥተው ሆዷ ፊት ሲደርሱ ምላሳቸው ይተሳሰራል። እጁ በረዶ የሆነ ተማሪ ሲገባ በተለይ አንጀቷን ይበላዋል፤ ሆዷን ዘና አድርጋ ትሰጠዋለች።

የመጨረሻው ዓመት ፈተና ቀን የገባው ረጅሙ ተማሪም እንደዚያ ነበር። ላብ አጥምቆታል። ፈታኙ ፕሮፌሰር ጥግ ላይ ተቀምጠው ያዩታል። ተማሪው ጠየቃት፣ እሷም የሸመደደችውን መለሰች። ቀኟን ሲጫን ጮኸች፣ ይቅርታ ጠየቃት። ከዚያ ወደ ግራ ዞረና ከጎድን አጥንቷ ሥር ጣቱን አሳረፈ። እዚያ ጋ ታሪኩ ምንም የለውም።

እጁ ቀጥ አለ። ትንሽ ፈቀቅ ብሎ እንደገና ተመለሰ፣ አሁንም እዚያው ቆመ።

በዚህ ሆድ ላይ ስንት እጅ አልፏል! የሚፈልግ እጅና ያገኘ እጅ እንደሚለያዩ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ቀና ብላ ፊቱን አየችው። ከንፈሩ አመድ መስሏል።

«እሺ፣ ምን አገኘህ?» አሉ ፕሮፌሰሩ።

ልጁ እሷን አየ፣ ፕሮፌሰሩን አየ። «ቀኝ የታችኛው ሆድ ላይ ሕመም አለ። ሌላው ለስላሳ ነው፤ እብጠት የለም» አለና ወጣ።

እሷ ክው ብላ ቀረች። ቀጣዮቹ ተማሪዎች ሲገቡ ልባቸው ትርፍ አንጀት ላይ ስለነበር ግራ ጎኗን ለወጉ ያህል ነካ አድርገው ያልፋሉ። አንዱ ወደዚያ በዞረ ቁጥር ትንፋሿን ትይዛለች። እንዲያገኘው ይሁን እንዳያገኘው የምትመኘው ለራሷም አልገባትም። አንዱ ላይማ መጮኋን ረስታ ፕሮፌሰሩ በሳል አስታወሷት። ጥቂት ጎርሳ «ጠገብኩ» ማለት ከጀመረች ሰንብታለች። ክንዷ እየቀጠነ ቀሚሷ ወገቧ ላይ ጠቧታል። ዕድሜ ነው ብላ ትታው ነበር። አሁን ግን ሁሉም ነገር አፍ አውጥቶ የሚያወራ መሰላት።

ለምሳ ሲለቀቁ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ፈለገችው። ደረጃ ላይ ብቻውን ተቀምጧል፣ ምሳ ዕቃውን እንኳን አልከፈተውም።

«አንተ ልጅ፣ ምን አገኘህ?»

ዘሎ ተነሣ። «ምንም። እትዬ፣ ደግሞ ከእርስዎ ጋር ማውራት አይፈቀድልንም።»

«በእናትህ ይዤሃለሁ!»

አንገቱን ደፋ። «ግራ ጎንዎ ላይ፣ ጣፊያዎ ይመስለኛል። ጤነኛ ጣፊያ በእጅ አይገኝም።»

«ታዲያ ምነው አፍህን ዘጋህ?»

«ታሪኩ ውስጥ አይኖርም ብዬ ነው። የሌለ ምልክት አገኘሁ ያለ ይወድቃል። ዓምና ልብ ላይ የሌለ ድምፅ ሰማሁ ብዬ ነው የደገምኩት። ዘንድሮ ከወደቅኩ ያባርሩኛል።»

«እና እኔ ልሙትልህ?»

በጥፊ ልታጮለው እጇ ተነሥቶ ነበር፤ ዐይኑን ጨፍኖ ሲጠብቃት መልሳ አወረደችው። ትታው ወደ ፈተናው ክፍል ተመለሰች። ፕሮፌሰሩ ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል።

«ዶክተር፣ እዚህ ጋ የሆነ ነገር አለኝ» አለች ግራ ጎኗን ይዛ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከትናንት ወዲያ። መጀመሪያ እምብርቴ አካባቢ ነበር፣ ከዚያ…» የትርፍ አንጀቱን ታሪክ እየተረከች መሆኗ የገባት ካለችው በኋላ ነው። ከድንጋጤ ይሁን ከልማድ፣ ሌላ መልስ አፏ ላይ አልመጣም።

ፕሮፌሰሩ ሻዩ እስኪደፋ ሳቁ። «እትዬ፣ ፈተናው ለተማሪዎቹ ነው እኮ! እኔንም ሊጥሉኝ ነው?»

«እውነቴን ነው!» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ይኼ እንባ የት ነበር እስከ ዛሬ? ከሰዓት ይጨምሩበት!»

ያኔ ሐሞቷ ፈሰሰ። ለስንት ዓመት የውሸት ሕመሟን ሁሉ ሲያምኗት ኖረው እውነተኛውን ስታመጣ የሚያምናት አጣች። ሞት ደጃፏ ደርሶ ብትጮህ እንኳን አጨብጭበውላት የሚሄዱ መሰላት።

«ፕሮፌሰር፣ አልዋሹም።» ረጅሙ ተማሪ በሩ ላይ ቆሟል። «የዋሸሁት እኔ ነኝ። ጠዋት አግኝቼው ነው የለም ያልኩት።»

የፕሮፌሰሩ ሳቅ ጠፋ። እንድትተኛ በእጃቸው አሳዩዋት። ግራ ጎኗን ዳሰሱ፣ ትንፋሽ እንድትስብ ነግረው እንደገና ዳሰሱ። ከዚያ ለተማሪው «አሳየኝ» አሉት። አሳያቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ምንድን ነው ዶክተር?»

«አላውቅም፣ እትዬ።»

ይኼን ቃል ከእሳቸው አፍ ሰምታ አታውቅም። እዚህ ቤት በሽታዋ ሁሉ ገና ሳትተኛ በስሙ ይታወቅ ነበር።

«አልትራሳውንድ ክፍሉን ላዘጋጅ። እንዳይነሡ» አሉና ወጡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ወደ ተማሪው ዞረው «ያንተን ጉዳይ በኋላ» አሉት።

ሁለቱ ቀሩ። የልጁን እጅ መቼ እንደያዘችው አታውቅም፤ ብቻ ይዛዋለች። ከኮሪደሩ የአስተባባሪዋ ድምፅ ተሰማ። «የከሰዓት ተፈታኞች ግቡ! በሩ ሊዘጋ ነው!»

የልጁ እጅ በእጇ ውስጥ ተንቀሳቀሰ። ጠዋት እሷ ጋ የተፈተኑት ከሰዓት ሌላ ክፍል፣ ሌላ በሽተኛ ጋ ይገባሉ፤ ስሙ ሲጠራ ያልተገኘ እንደሚወድቅ ታውቃለች። ሌላ ቀን ቢሆን «ሂድ ልጄ፣ ይቅናህ» ብላ ራሷ ገፍታ ታስወጣው ነበር። ዛሬም ልትለው አፏን ከፈተች።

«እትዬ፣ እየጠሩ ነው» አላት በቀስታ።

«ፈርቻለሁ» አለችው፣ እጁንም አልለቀቀችም።