ከአባቴ ራስ በላይ የበራው መብራት

የአባቴ ፊት አይነበብም። ደስታም ሐዘንም ሲመጣባቸው ያው ናቸው፤ ለምን ሲባሉ "ሆድ ካገር ይሰፋል" ብለው ያልፋሉ። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም። ለዚህ ነው ያ ሰሞን ሊገድለኝ የደረሰው።

ላገባው የፈለግሁት ሰው የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ሁለታችንም ደብረ ታቦር ኮምፒዩተር እናስተምራለን። ከደቡብ የመጣ ስለሆነ ዘመድ በአጠገቡ የለውም፤ ሽማግሌ የሆኑለት አብረውን የሚያስተምሩ መምህራን ናቸው። ሁለት ጊዜ አባቴ የሚኖሩበት ጉና ድረስ ወጥተው ጠየቋቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ "እንመክርበታለን" ተብለው ተመለሱ። በእኛ አገር ቶሎ እሺ ያለ አባት ልጁን አቃለላት ይባላል። ግን ወጉ ይሁን እምቢታ፣ ከዚያ ፊት ላይ ምን ይታወቃል?

አንድ ቅዳሜ አባቴ ገብስና ድንች በበቅሎ ጭነውልኝ መጡ። የምሠራበትን ላሳያቸው ብዬ ወሰድኳቸው፤ ያ ባልደረባዬም እዚያው ነበር፤ አስተዋወቅኋቸው። ጠረጴዛው ላይ የምንመራመርባቸው ሁለት መነጽሮች ተቀምጠዋል። ሲያደርጓቸው ኮምፒዩተር በሣለው መስክ ውስጥ ያስገባሉ። አብሯቸው እጅ ላይ የሚታሰር ማሰሪያ ደግሞ የልብ ምት ይለካል፤ መስኩ ላይ የተገናኙ ሰዎች አንዱ ከሌላው ራስ በላይ መብራት ያያሉ፤ ልብ ሲረጋ አረንጓዴ፣ ሲፈጥን ቀይ። የራስን መብራት ማየት ግን አይቻልም።

ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀምጬ፣ ከእሱ ራስ በላይ የሚያዩት መብራት ልቡን እንደሚያሳይ ለአባቴ ነግሬ፣ መነጽሮቹንና የእጅ ማሰሪያዎቹን አደረግሁላቸው፤ እኔ በኮምፒዩተሩ አያቸዋለሁ።

"ሣሩስ መልካም ነው፤ ከብት የለበትም እንጂ" አሉ አባቴ።

የእሱ መብራት ወዲያው እንደ በርበሬ ቀላ።

"ኧረ አንተ ልጅ! ምነው ልብህ እንዲህ መሸበሩ? ከጅብ ጋር አልተቀመጥህ!"

"እርስዎን ስለፈራሁ ነው አባ።"

አባቴ ሳቅ አሉ። መብራታቸው አረንጓዴ እንደሆነ ነው። ቆይተው፣ እንደ ዋዛ፣ "አገርህ ሩቅ ነው ይላሉ" አሉት።

"ሩቅ ነው። ሁለት ቀን ያስኬዳል።"

የአባቴ መብራት ቀላ። ፊታቸው ላይ አንዲት ጅማት አልተንቀሳቀሰችም፤ መብራቱ ግን እየባሰበት ሄደ። ለካ የከበዳቸው ሰውዬው ሳይሆን የእኔ መራቅ ነው። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ያስለቀሰኝ ደስታ ነበር።

"እሷን ይዤ ለመሄድ ግን አላሰብኩም" አለ። "የምንኖረው እዚሁ ነው።"

ቀዩ ቀስ እያለ ወደ አረንጓዴ ተመለሰ። አባቴ መነጽሩን አውልቀው ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ ያው የድሮው ፊት።

አላስቻለኝም። "አባባ፣ የአንቱም መብራት እኮ ይታይ ነበር።"

"የኔም?"

"ሩቅ ነው ሲልዎ ቀይ፤ እዚሁ እንኖራለን ሲል አረንጓዴ።"

ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

"በሉ ሽማግሎቹን ስደዷቸው፤ ከእንግዲህ ምኔን ልደብቅ" አሉ። "ሲመጡ ግን ፊቴን ማኮሳተሬ አይቀርም፤ እናንተም እንዳትስቁ።"