ትእዛዝ ያጣ ሆድ

መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው ቀበቶው ነው። ፋብሪካው የበሳቸው አምስት ቀዳዳዎች ሥራ ፈትተዋል፤ ከእነሱ ወዲያ በወስፌ የተበሱ አራት ሌሎች አሉ። የተረፈው የቀበቶ ጫፍ ወገቡን ዞሮ ጀርባው ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ለሰው ሁሉ በልክ የሚቆርጥ ሰው፣ የራሱ ሱሪ እንደ ባዶ ከረጢት ተጨማዶ ሲንጠለጠልበት ማየት እንዴት ይገርማል!

በሱፍ ልብስ ስፌት ቤቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። የሚሰፉት ስድስት ናቸው፤ የሚቆርጠው እሱ ብቻ። የተሳሳተ ስፌት ይፈታል፤ መቀስ ከሳተ ግን መመለሻ የለውም። ስለዚህ ከስኳር ሕመሙ ይበልጥ የሚፈራው አንድ ቀን ከመቁረጫው ጠረጴዛ እንዳያነሡት ነበር።

ሆዱ ሥራውን ከረሳ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሁለት ጉርሻ ሲውጥ ጥግብ ይላል። ትናንት በምሳ የበላው ባቄላ፣ አሁን የታኘከ ይመስል፣ ዛሬ ጧት እንዳለ ተመልሶ ይመጣል። አንዳንዴ ሳምንት ሙሉ ይደርቅበታል፤ አንዳንዴ ደግሞ መጸዳጃ ቤት እስኪደርስ እንኳ ፋታ አይሰጠውም። ጎንበስ ብሎ ቆርጦ ቀና ሲል ዓይኑ ይጨልማል፤ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጦ ይቆያል።

"ዛሬስ ስንተኛው ጠርሙስ ነው የጣለዎት፣ ጋሼ?" ይለዋል ልብስ ተኳሹ፣ ከካውያው እንፋሎት ውስጥ።

"ብቆጥረው ኖሮ እወድቅ ነበር?"

ሰፊዎቹ መኪናቸውን አቁመው ይንፈቀፈቃሉ። እሱም አብሯቸው ይስቃል። ጠብታ ቀምሶ አያውቅም። ግን ከበሽተኛ ሰካራም መባል ይሻላል፤ ሰካራም አንድ ቀን ይተዋል ተብሎ ይጠበቃል።

በመጨረሻ ሚስቱ ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ምግብ አብልተው በመሣሪያ ተከታተሉት፤ አራት ሙሉ ሰዓት ቆይቶም ግማሹ ገና ጨጓራው ውስጥ ነበር።

"ጨጓራዎ አልቆሰለም" አለች ሐኪሟ። "ስኳሩ የጎዳው ጨጓራውን 'ፍጭ፣ ግፋ' እያለ የሚያዘውን ነርቭ ነው። ሲነሡ የሚያዞርዎትም ከዚያው ነው።"

"ይድናል?"

"እናግዘዋለን።" ቀጥላም፣ "ለመሆኑ ምን ይበላሉ?"

ሚስቱ ኮራ ብላ ዘረዘረች፦ ያልተነፋ ዱቄት ዳቦ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ጥሬ ጎመን። ስኳሩ የተገኘ ዕለት የተሰጣትን ወረቀት ኩሽና ግድግዳ ላይ ለጥፋ፣ ሰባት ዓመት አንድም ቀን ሳታዛንፍ ተከትላዋለች። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"ለስኳሩ ጥሩ ነበር። ለዚህ ሆድ ግን ድንጋይ ነው። የላመ፣ የቀጠነ፣ በትንሽ በትንሹ ይብሉ። ከኢንሱሊን መርፌው ደግሞ ይጠንቀቁ፤ ምግቡ ሲዘገይ ስኳርዎ ድንገት ይወርዳል።"

ቤት ሲገቡ ሚስቱ ወረቀቱን ከነግድግዳው ቀለም ገሽልጣ አወረደችው።

"በገዛ እጄ ጨረስኩህ።"

"ገና አላለቅኩም፣ የኔ እመቤት። ሾርባውን ጣጂ።"

ሳትስቅ ጣደች።

ሐሙስ ጧት ሾርባውን ጠጣ፤ መርፌውንም ተወጋ። ስፌት ቤት ደርሶ የሙሽራ ሱፍ ዘረጋ። ሾርባው ሆዱ ውስጥ ተኛ፤ መርፌው ግን አልተኛም። ላብ አጠመቀው፤ በጠመኔ ያሰመረው መስመር ሁለት ሆነበት። መቀሱ የኮቱን ግራ ደረት አቋርጦ እስከ ብብት ሄደ፤ እሱም ጨርቁ ላይ ተደፋ።

ተኳሹ ስካር ይበርድለታል ብሎ ጣፋጭ ሻይ አጠጣው፤ ሳያውቅም አዳነው። ነፍሱ ስትመለስ የስፌት ቤቱ ባለቤት የተበላሸውን ጨርቅ ይዛ ቆማለች።

"ለሙሽራ ልብስ እንኳ ጠጥተህ ትመጣለህ?"

"አልጠጣም፣ እትዬ። ጠጥቼም አላውቅም።"

ነርቩን፣ ጨጓራውን፣ መርፌውን፣ አንድም ሳያስቀር ነገራት። እውነቱን ካወቀች የምትምረው መስሎት ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማችው፤ ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"መጠጥ ቢሆን ተው እልህ ነበር፣ ወንድሜ" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ይህንን ምን ተው ልበልህ? ከነገ ጀምሮ ተቀምጠህ አዝራር ትተክላለህ።"

ተኳሹ ወደ ካውያው ተመለሰ።

"እሺ" አለ ቆራጩ፤ ኮቱን ለብሶ ወጣ። ግድግዳውን በጣቶቹ እየዳሰሰ ጥቂት ሄደ። መታጠፊያው ጋ አፉን በመሐረብ ይዞ ጎንበስ አለ። ቀና ሲል፣ ዓይኑ እስኪጠራ ቆሞ ጠበቀና ወደ ቤቱ ታጠፈ።