በዱቄት የተሰመረ የውድድር መስመር

የመኪና እሽቅድምድም የት እንደጀመርኩ ሲጠይቁኝ «መካነ ሰላም፣ በካሪዮላ ጎማ» እላለሁ። ሰው ይስቃል። በሌላ አገር ተወዳዳሪዎች በልጅነታቸው የሚለማመዱት ሞተር ባላት ትንሽ መኪና፣ አስፋልት ላይ ነው አሉ። የእኔዋ ሞተር አልነበራትም፤ ሞተሯ ቁልቁለቱ ነበር።

የሠራት ታላቅ ወንድሜ ነው። የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ በያጅ ነበር። ከተጣሉ የአፈር መግፊያ ካሪዮላዎች አራት ጎማ ለቃቅሞ፣ አካሏን ከባሕር ዛፍ አበጅቶ፣ የፊት ጎማዎቹን በገመድ ጠልፎ መሪ አደረገልኝ። ፍሬኗ በእግሬ የምጫነው የጎማ ቁራጭ ነው። እሱ መሥራት እንጂ መንዳት አይወድም፤ እኔ ደግሞ ከመንዳት ሌላ ነገር አልታይ አለኝ። እናታችን «ልጄን የሰው መሳቂያ አደረግኻት» ትለው ነበር። ፍሬን ከመታጠፊያው በፊት ካልተያዘ መታጠፊያው ላይ እንደሚገለብጥ የተማርኩት በዚያ ጠጠር መንገድ፣ ጉልበቴ እየተላጠ ነው።

በዚያው ዓመት ዝናብ ጠፋ። ከከላላና ከአቀስታ በኩል ቤቱን ዘግቶ የመጣ ገበሬ መንገድ ዳር ባለው የእህል መጋዘን አጥር ሥር ተኛ። መጀመሪያ የሚመጡት ቤተሰብ ሆነው ነበር፤ በኋላ የሚመጣው የቤተሰብ ትራፊ ሆነ።

የአብዮት በዓል ሲቃረብ የአውራጃው ካድሬ ቤታችን መጣ። ልብሱ የተተኮሰ፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ የሚገባ ሰው ነው።

«ጓድ» አለው ወንድሜን፣ «ከደሴ እንግዶች ይመጣሉ። የወጣቱን የፈጠራ ችሎታ እናሳያቸዋለን። ሌሎችም እንደዚህ ያለ ጋሪ ይሥሩና እህትህ ትወዳደር።»

«መንገዱ ዳር የተኙት ሰዎችስ?»

«እነሱ ይነሣሉ።»

ተነሡ። የቀበሌ ጠባቂዎች በዱላ እየነዱ ከቁልቁለቱ ግርጌ ካለው ቄራ ኋላ አጎሯቸውና በረጅም ቀይ ጨርቅ ጋረዷቸው። ጨርቁ ላይ ምን ተጽፎ እንደነበር አላስታውስም። ከሥሩ ይታይ የነበረውን እግር ግን አስታውሳለሁ።

የበዓሉ ዕለት ለእንግዶቹ ዳስ ተጥሎ በሬ ታርዷል። እኛ ሦስት ተወዳዳሪዎች ቁልቁለቱ አናት ላይ ተሰለፍን። መነሻውም መድረሻውም በነጭ ተሰምሯል። ኖራ መስሎኝ ነበር። አንድ ጠባቂ ከእርዳታ ጆንያ ዱቄት እየዘገነ መስመሩን ሲያደምቅ አየሁ። ኖራ ስላልተገኘ ነው አሉ።

ፊሽካው ተነፋና ተለቀቅን። መታጠፊያውን ቀድሜ ወጣሁ። ወደ ዳሱ የሚወስደው ቀጥ ያለ መንገድ ሲገለጥልኝ መድረሻው ላይ አንዲት ሴት ተንበርክካለች። ከጨርቁ ሥር ሾልካ ወጥታ፣ ዱቄቱን ከነአፈሩ እያፈሰች በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥራለች። አጠገቧ የቆመ ጠባቂ ዱላውን አነሣ። ከዳሱ ውስጥ አንዱ እንግዳ፣ አፉ በሥጋ እንደተወጠረ፣ ሳቀ።

ወደ ቦዩ ጠመዘዝኩ። ጋሪዋ ተገልብጣ ክንዴ ላይ ወደቀች፤ አጥንቴ ቀጭ ሲል ሰማሁት።

ካድሬው መጥቶ ከላዬ ቆመ። ክንዴን ዞር ብሎም አላየው።

«ጓዲት፣ አሸንፈሽ ነበር እኮ! በእንግዶች ፊት አዋረድሽን።»

ከንፈሩ በጮማ ያብረቀርቃል። ልመልስለት አፌን ስከፍት ትውከት ቀደመኝ። ጫማው ላይ አስታወክሁበት።

ሴትዮዋን እየጎተቱ ሊወስዷት ሲሉ ከእንግዶቹ ሹፌሮች አንዱ ጠባቂውን ገፍቶ መሀል ገባ።

«በአላህ ተዋት! ያፈሰችው ዱቄት ነው፣ ምን አጠፋች?»

የእንግዶች ሹፌር ስለሆነ የደፈረው የለም። ሴትዮዋ ቋጠሮዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ሄደች። እሱ «አብሽሪ እህቴ፣ አብሽሪ» እያለ ክንዴን በአንገት ልብሱ አሰረልኝ። «መሪ የያዝሽው እንደ ትልቅ ሹፌር ነው። ደሴ ከመጣሽ መኪና መናኸሪያው አጠገብ ጠይቂኝ» አለኝ።

በማግስቱ ቀይ ጨርቁ ተነሣ። ከኋላው ከነበሩት ግን ያልተነሡ ነበሩ። ወንድሜ የጋሪዋን ገመድ ፈትቶ ከጎማዎቿ ዘንግ ላይ የብረት እጀታ በየደላት። የደከሙትን ወደ ጤና ጣቢያው፣ የሞቱትን ወደ ቤተ ክርስቲያኑና ወደ መስጊዱ መቃብር ገፋባት። እኔም በደህናው እጄ አገዝኩት።

ክንዴ ሲጠገን ደሴ ወረድኩ። ሹፌሩ ቃሉን አላጠፈም፤ መኪና መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው። አዲስ አበባ ሄጄ ለውድድር የተሰለፍኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ደሴ ሳለሁ ወንድሜ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ስለ ካድሬው ጠየቅሁት።

«ሹመት ሰጥተውት ሄደ» አለኝ። «በዓሉን አሳምሮ አከበረ ተብሎ።»

ከዚያ ምራቁን እንትፍ አለና ስለ እናታችን ጤና ያወራኝ ጀመር።