ካሜራው የለየው ፊት

ጉደር አስተምራለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ለአስቤዛ አምቦ እሄዳለሁ። አንድ ቅዳሜ አዲስ የተከፈተ ሱፐርማርኬት ገብቼ ሳሙና ሳነሳ፣ ገንዘብ ተቀባይዋ ፊት ያለው ኮምፒውተር ጮኸ። የሱቁ ባለቤት ኦቦ ፈይሳ ፈጠን ብለው መጡና፣ "አዴ፣ ቦርሳሽን ክፈቺ" አሉኝ።

"ለምን?"

"ካሜራው ፊት ይለያል። ባለፈው ሳምንት ዘይት የሰረቀችው አንቺ ነሽ እያለ ነው።"

ገበያተኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። የአንዷ ተማሪዬ እናትም እዚያው ነበሩ። እፍረቱ ፊቴን አቃጠለኝ፤ ቦርሳዬን ግን አልከፈትኩም።

"እዚህ ሱቅ ስገባ የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው። ፊቴን አንስተው እንዲያስቀምጡ ማን ፈቀደልዎ?"

"ንጹህ ሰው ምን ያስፈራዋል?"

"አልፈራሁም። ሌባ ያሉኝን ምስል ያሳዩኝ፤ ከዚያ የእኔን ፊት ያጥፉልኝ። እስከዚያ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።"

የተማሪዬ እናት አጠገቤ መጥተው ቆሙ። "የእኔንም ያጥፉ" አሉ።

ምስሎቹን የመዘገበው ካሜራውን የገጠመው ባለሙያ ስለሆነ፣ ኦቦ ፈይሳ ራሳቸውም አይተዋቸው አያውቁም ነበር። በንዴት፣ "አሳዪያትና ትፈር" አሏት ገንዘብ ተቀባይዋን።

ልጅቷ ስክሪኑን አዞረችው። ሻርፕ የተከናነበች ሴት ዘይት አንስታ ዘንቢሏ ውስጥ ትከታለች።

ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ኦቦ፣ እኚህ እኮ ባለቤትዎ ናቸው" አለች።

ኦቦ ፈይሳ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ "ሁሉንም አጥፊው" አሏት።