የእማማ ማንዳ ወንድም ፎቶ

በክሮኤሺያ፣ በሊካ ገጠር የሚኖሩት የዘጠና ዓመቷ እማማ ማንዳ ሟች ታላቅ ወንድም የሺሜ ፎቶ በሁለት የፖለቲካ ፓርቲ ቢሮዎች ተሰቅሏል። ቀኞቹ «ኮሚኒስቶች የገደሉት» ብለው፣ ግራዎቹ ደግሞ «ፋሺስቶች የገደሉት» ብለው ሰቅለውታል። ምርጫ በመጣ ቁጥር ሁለቱም ኬክ ይዘው ይመጣሉ፣ ማገዶም ይፈልጡላቸዋል። እማማ ማንዳ ደግሞ ለሁለቱም አልቅሰው ይሸኟቸዋል።

ዘንድሮ ግን የቀኙ ቲሆሚርና የግራው ዳምያን በአንድ ቀን ተገጣጥመው ግቢው ውስጥ አንገት ለአንገት ተናነቁ።

«ሺሜ የእኛ ሰማዕት ነው» አለ ቲሆሚር።

«አፍህን ሰብስብ። የእናንተ ሰዎች አይደሉ እንዴ የገደሉት?»

እማማ ማንዳ ኬኩ እንዳይረገጥ ሰጉና በከዘራቸው አጥሩ ሥር ያለውን ጉቶ አሳዩ።

«እናንተ ጅሎች፣ ያ የፕሪም ዛፍ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባለቀ ሰሞን ሺሜ አረቄውን ግጥም አድርጎ እላዩ ላይ ወጣ፤ ወድቆ ሞተ። የገደለው የለም።»

ሁለቱም ጉቶውን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ እኩል ማስታወሻ ደብተር አወጡ።

«እማማ» አለ ቲሆሚር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዛፉን የነቀነቀው የማን ወገን ነበር?»

እማማ ማንዳ ገና ያልተፈለጠውን እንጨት አየት አደረጉና ማልቀስ ጀመሩ።