የባህር ዛፍ ቅጠል ውሃና የእማማ ጥሩወርቅ በርበሬ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ከፍኖተ ሰላም ማንኩሳ በባጃጅ ሄድኩ። አለቃዬ የሚያፈስ የጀርባ መርጫ አስታቀፈኝና «ገበሬው አፍሽን ትቶ እግርሽን ነው የሚያየው፤ ማሳ ግቢ» አለኝ። በዚያው ቀን አዲስ ጫማዬን ጭቃ በላው።

ልማት ሠራተኛ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ከሁሉ የማልረሳው ግን የእማማ ጥሩወርቅን በርበሬ ነው። እማማ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የችግኝ መደባቸውን ሙጃ የሚሉት የሣር አረም ውጦት ነበር። የባላቸው ወንድም «ዘንድሮም ካቃተሽ መሬቱን ለእኩል ስጪኝ፤ አርሼ ምርቱን እንካፈላለን» ብሏቸዋል።

«ልጄ፣ አንዴ ከሰጠሁት መቼም አይመልሰው» አሉኝ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ገበሬው የለመደው ቱፎርዲ የሚባል የአረም መድኃኒት ሰፋፊ ቅጠል ያለውን ስለሚገድል ሙጃውን ትቶ በርበሬውን ነው የሚፈጀው።

«እማማ፣ ከባህር ዛፍዎ ሥር ሣር በቅሎ ያውቃል?» አልኳቸው።

«ኧረ ወዲያ! እሱ ምኑን ያበቅላል!»

«እንግዲያ ሙጃውንም ያድርቅልን» አልኳቸው። የባህር ዛፉን ቅጠል በሙቀጫ ወቀጥን፣ በጀሪካን ዘፈዘፍን፣ በአሮጌ ነጠላ አጠለልን። ቅጠል ላይ እንዲይዝ ትንሽ የልብስ ሳሙና ጨመርንበት። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ በርበሬው ከመዘራቱ በፊት መደቡ ውሃ ይጠጣል፣ አረሙ ቀድሞ ይበቅላል፣ ሁለት ቅጠል ሲያወጣ በቀትር ፀሐይ ይረጫል። ካደገ ወዲያ አይነካውም። ከዚያ መደቡ በውሃ በደንብ ሳይታጠብ ዘር አይገባበትም፤ አለዚያ በርበሬውም አይበቅልም።

አረሙ ሁለት ቅጠል ያወጣ ዕለት መርጫዬን አዝዬ ከች ስል፣ እማማ ነጭ ለብሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አገኘኋቸው።

«ዛሬ ማርያም ናት፤ ሥራ አልሠራም» አሉ።

«ውሃ መርጨት ነው እኮ እማማ።»

«እንግዲያ መምሬን ጠይቂያቸዋ!»

መምሬ፣ የደብሩ ቄስ፣ ከኋላ እየመጡ ነበር። «ልጄ፣ ውሃው የሚያጠጣ ነው የሚገድል?» አሉኝ።

«የሚገድል ነው አባቴ።»

«እንግዲያስ ሥራ ነዋ!» ብለው እየሳቁ አለፉ።

እኔ ግን ንድድ አልኩ። ቅዳሜና እሑድ ተከተሉ፤ ሰኞ ደግሞ ተክልዬ ሆነ። ማክሰኞ ብረጨው የሙጃው ጫፍ ብቻ ጠወለገ። መዝሪያው ጊዜ ሊያልፍ ነው፤ የቀረን አንድ ሙከራ ብቻ ነበር።

አለቃዬ «አንዲት ገበሬ ማሳመን አቃተሽ?» አለኝ። መርጫዬን አንስቼ ወደ እማማ ተመለስኩ።

እሳቸው ደግሞ ገሠጹኝ። «ሙጃው የሚበቅልበትን ቀን አስልተሻል። የእኔን ቀን ማን ይጠይቅልሽ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

መደቡን እንደገና ቆፍረን ገለበጥነው። እማማ በዓላቱን በጣታቸው እየቆጠሩ «ከልደታ ማግስት እስከ አቦ ዋዜማ እጄ ነፃ ነው» አሉ። አረሙ ለዚያ እንዲደርስ ወደኋላ ቆጥረን አጠጣን። በልደታ ማግስት እኩለ ቀን ላይ ረጨሁ። ሙጃው ተቃጥሎ መደቡ ጠይም አፈር ብቻ ሲሆን እማማ እልልታቸውን አቀለጡት። አቤት ደስ ሲል! መደቡን ደጋግመን አጥበን ዘሩን አስገባን፤ ኋላ ብቅ ያለችውን ጥቂት አረም በእጃቸው ለቀሟት።

ችግኙ ለመነቀል ሲደርስ የባላቸው ወንድም መጣ። ራሱን እያከከ «የሚተርፍሽ ችግኝ ይኖር ይሆን?» አላቸው።

«አለ፣ ውሰድ» አሉት። «መሬቱን ግን እኔው አለሁለት።»

ለአዲስ ልማት ሠራተኞች የምለው ይሄው ነው፦ መደቡን ከማጠጣታችሁ በፊት ባለቤቱ የሚያከብረውን በዓል ጠይቁ።